ለምስጋና የተመረጠ ጠርሙስ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ሃይሚዬ፤ ሽንኩርት ስከትፍ አላለቅስም። … አትሳቂ፣ እውነቴን ነው። ሁሉም እንባውን እያፈሰሰ እኔ ብቻ ደረቅ ዓይን ይዤ ብቆም ጨካኝ እመስላለሁ ብዬ፣ እዚህ ማድ ቤት በገባሁ ቁጥር በክንዴ ዓይኔን እጠርጋለሁ። ሚስጥሩ ኮንታክት ሌንስ ነው። በይ ቲማቲሙን ወደዚህ አስጠጊው።

ኧረ ሙቀቱስ! ከቅዳሴ ስንወጣ ፓርኪንጉ ላይ ጫማዬ ከአስፋልቱ ጋር ሊጣበቅ ምንም አልቀረው። ከሌዊስቪል እስከዚህ ጋርላንድ ድረስ ኤሲው እያቃሰተ ነው የመጣሁት። ደግነቱ ጾሙ ተፈታ። ነሐሴ ኪዳነ ምሕረት ባትኖር ኖሮ የዳላስ ሰው በዚህ ፀሐይ ፍልሰታን እንዴት ይጨርስ ነበር ትያለሽ? … ቃሪያውን ፍሬውን አውጪለት፣ ለልጆች እንዳያቃጥል።

ዳቦውን አገኘሽው አይደል? … ኧረ ብይ! ከፎይሉ ሥር ቁራሽ ስትሰርቂ አይቼሻለሁ። ምን ያሳፍርሻል? የማፍረው እኔ ነኝ እንጂ፤ ሳይሽ ዓይኔ እንባ ሞላ፤ እሱ እንግዲህ ሽንኩርቱ አይደለም። ከግንቦት ወዲህ ሳልቀምስላት ከእጄ የበላች የመጀመሪያዋ ሰው አንቺ ነሽ። ሳትጠይቂ፣ ሳታሸቺ፣ ሳታማትቢ። እንዲያው እንደ ሰው።

አልገባሽም? … ልክ ነሽ፤ አንቺ ከሂውስተን የመጣሽው በዚህ ሰመር ነው፤ ወሬው አልደረሰሽም። ጉድ ነው! ያልደረሰው ሰው ቀርቷል ማለት ነዋ። ያቺ እህታችን ብትሰማ ምን ያህል ታዝናለች መሰለሽ። ሥራዋን እንዲህ በጥራት የምትሠራ ሴት፣ አንድ ሰው ዘለለች ሲባል…

ማን ናት? … አይ፣ ስም አልጠራም። እኔን እንደሆነ ታውቂኛለሽ፤ ሦስት ሰው ካየኝ አፌ ይተሳሰራል። ስም መጥራት ደግሞ ነውር ነው። ድምፄን ከፍ ካደረግሁ ይቅርታ፤ ይሄ ፋን ስለሚጮኽ አንቺ እንድትሰሚኝ ብዬ ነው እንጂ እዚያ ምድጃው ጋ ላሉት አይደለም። ሰው ‘ልጄን ስነግር ምራቴ ትስማ’ ይላል፤ እኔ ልጅም ምራትም የለኝም። የሚሰማኝ ሁሉ በራሱ ፈቃድ ነው የሚሰማኝ።

… እህቴ! ወጡን አማስይው እንጂ፣ ሥሩ እንዳይዝብሽ። … አይ፣ ከሃይሚ ጋር ነው የምንጫወተው። አንቺን አይመለከትም።

ምን እያልኩሽ ነበር? እ… ዛሬ ይህን የምነግርሽ በምክንያት ነው። ከምሳ በኋላ የማኅበራችን የማድ ቤት ኃላፊ ምስጋና ይደረግላታል አይደል? አቶ ነጋሽ እንደ ማኅበሩ ሙሴነታቸው፣ እንደ መሪነታቸው፣ ንግግር ያደርጋሉ፤ ስጦታ የምታቀርቢው አንቺ ነሽ ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔም ስጦታ ይዤ መጥቻለሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ሳታውቂ ከፍተሽው በሕዝብ ፊት እንዳትደነግጪብኝ ብዬ ነው። በነገራችን ላይ የማድ ቤት ኃላፊያችንና ያቺ እህታችን ምንም አይገናኙም። ሁለት የተለያየ ጨዋታ ነው። አንዱን በቀኝ ጆሮሽ፣ አንዱን በግራ ያዥልኝ፤ መሐል ላይ ከተገናኙ የአንቺ ጥፋት ነው።

ስጦታው ጠርሙስ ነው። የመርዝ ጠርሙስ።

… እስቲ መጀመሪያ ቢላዋውን አስቀምጪው።

ይኸውልሽ፣ ለማንም ያልተናገርኩት ይሄ ነው፤ ሽንኩርቱ ማሟሻ ነበር። የመርዝ ጠርሙስ እሰበስባለሁ። ስንት ዓመቴ! አዲስ አበባ ያለችው እህቴ አታውቅም፣ ሥራ ቦታ የሚያውቅ የለም፣ የነፍስ አባቴም… እሱ ኃጢአት ስላልመሰለኝ አልነገርኳቸውም። የድሮ የአሜሪካ መድኃኒት ቤቶች መርዝ የሚሸጡበት ጠርሙስ አለ፤ ለአይጥ፣ ለቁስል ማጠቢያ፣ ለምን ለምኑ። ባዶውን ነው የምሰበስበው። መቶ ዓመት ያለፈው፣ ታጥቦ ታጥቦ ሽታው እንኳ የጠፋ ባዶ ጠርሙስ።

ግን እንዴት ያምራል መሰለሽ! በዚያ ዘመን በየቤቱ መብራት የለም። ሰው ራሱን አሞት ይነሳና በዳበሳ መድኃኒቱን ይፈልጋል። የሳል ሽሮፑና መርዙ አንድ መደርደሪያ ላይ ናቸው። ታዲያ ስንቱ ተሳስቶ ጠጣ! ከዚያ በኋላ መላ ዘየዱ። የመርዙን ጠርሙስ ለብቻው ቀለም ሰጡት፤ ውሃ ሰማያዊ ሳይሆን ድፍን ያለ ሰማያዊ፣ ወይ የሣር አረንጓዴ። አንዳንዱን ሦስት ማዕዘን አደረጉት። ገላውን ደግሞ ሻካራ፤ ሽንትርትር ያለ፣ ጉብጉብ ያለ፣ አንዳንዱም የራስ ቅል የተቀረጸበት። ማንበብ የማትችል አሮጊት እንኳ በጨለማ ስትነካው ጣቷ ‘ተይኝ’ የሚለውን እንዲሰማ። የሊቅ ሐሳብ አይደለም?

የመጀመሪያዋን ያገኘኋት ከዴንተን ወደ ላይ ስትነጂ ካለች አንዲት ትንሽ ከተማ ነው። መድኃኒት ቤቱ ሊዘጋ ሲል ዕቃውን ያወጡታል፤ እኔ ለራሴ ወንበር ፈልጌ ነበር የገባሁት። መስኮቱ ላይ ቆማ ፀሐይ በውስጧ አልፎ ወለሉ ላይ ሰማያዊ ጥላ ጥላለች። የባለቤቱ ልጅ፣ ነጭ ፀጉር ያላቸው ሴትዮ፣ ‘የኔ ማር፣ አበባ ታደርጊባት ይሆናል’ አሉኝ። ‘አዎን’ አልኩ። አበባማ አላደረግሁባትም። መኪና ውስጥ ገብቼ ዓይኔን ጨፍኜ ዳሰስኳት።

ለምን ወደድኳት ብትይኝ… እንዴት ብዬ ልንገርሽ? እኔ እኮ የልቤን ተናግሬ የማላውቅ ሰው ነኝ። ስከፋ ‘ምንም አይደል’፣ ስራብ ‘በልቻለሁ’፣ ሥራ ሲጭኑብኝ ‘ኦኬ፣ ችግር የለም’። ፋርማሲ ተምሬ፣ ቀኑን ሙሉ የሰው መድኃኒት ላይ ‘ከምግብ በኋላ’፣ ‘ከልጆች አርቁ’ የሚል ወረቀት ስለጥፍ የምውል፣ የራሴ ገላ ላይ ግን አንድ ቃል ያልተለጠፈብኝ። ያቺ ጠርሙስ ውስጧ ያለውን ላይዋ ላይ አውጥታ፣ ማንንም ሳትፈራ ቆማለች። መርዝ ናት፤ መርዝ ነኝ ትላለች። አለቀ። ቀናሁባት። ማር የሚል የተጻፈበት ስንት ማሰሮ አለ መሰለሽ በዚህች ከተማ…

… ጨው? ይበቃዋል። ሎሚውን ጨመቅ አድርጊበት።

ከዚያ ወዲህ እረፍት ባገኘሁ ቁጥር በየአንቲክ ሾፑ፣ በየአሮጌ ዕቃ ቤቱ እዞራለሁ። ካንተን ከተማ የወር መጀመሪያ ገበያ ስሄድ ደግሞ ኮፍያ አድርጌ ነው፣ ሐበሻ እንዳያየኝ። አመጣና ከክሎዜቴ፣ ከልብስ ቁም ሣጥኔ የላይኛው መደርደሪያ፣ ከብርድ ልብሱ ጀርባ እደረድራቸዋለሁ። ለምን ትደብቂያለሽ በይኝ። ብቻዋን የምትኖር ሴት፣ ያላገባች፣ መድኃኒት አዋቂ፣ የራስ ቅል ያለበት ጠርሙስ ክሎዜቷ ውስጥ ደርድራለች ቢባል የእኛ ሰው ምን ይላል? … አየሽ! እኔም የእኛ ሰው ነኝ፤ መልሱን ስለማውቀው ነው የደበቅሁት።

ታዲያ በግንቦት የማኅበሩ ተራ ደረሰኝ። ጽዋው ቤቴ ገባ። እንዴት ደስ እንዳለኝ አልነግርሽም። አፓርትመንቴ ጠባብ ናት፤ ሶፋውን አቁሜ፣ አልጋዬን ግድግዳ አስጠግቼ ቦታ አበጀሁ። ጠላ ጠመቅሁ፤ እኔ! ዩቲዩብ እያየሁ። ዳቦ ጋገርኩ፣ ዶሮ ሠራሁ። ያቺ እህታችን ደግሞ እንግዳ ሳይመጣ በማለዳ ከች አለች። ‘ልርዳሽ’ ብላ።

እንዴት ያለች ረጂ መሰለችሽ! ገብታ ሳትረዳው የወጣችው ክፍል የለም። ወጥ ቤቱን ረዳች፣ መታጠቢያ ቤቱን ረዳች፣ ከዚያ አልፋ መኝታ ቤቴን ረዳች። ነጠላዋን የምታኖርበት ስትፈልግ ነው አሉ። በር ላይ መስቀያ አለ፣ ሶፋ አለ፣ አልጋ አለ… እሷ ግን ዕቃ በየቦታው መጣል አትወድም፤ የላይኛውን መደርደሪያ መረጠች። ከብርድ ልብሱ ጀርባ። በወንበር። ‘የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች’ የሚባለው ለሌላ ሴት ነው፤ የእኛዋ የቆጡንም አወረደች፣ የብብቷንም አልጣለች። ጎበዝ ናት።

እኔ ያወቅሁት ወንበሩን ከክሎዜቱ ሥር ሳገኘው ነው። ብርድ ልብሱም ከእኔ በተሻለ ታጥፎ ነበር። እጇ መልካም ነው።

ደግሞ ጨዋነቷ! አንድ ቃል አልጠየቀችኝም። ጠይቃኝ ቢሆን እኮ ቀልቼ፣ ተንተባትቤ፣ መጨረሻ ላይ እነግራት ነበር። አምጥቼ አሳያት ነበር፤ ባዶ ነው፣ አሽትቺው፣ ብርጭቆ ነው እላት ነበር። እሷ ግን ሰው ማሳፈር የማትወድ ሴት ናት። ስለዚህ እኔን ተወችኝና ለቀሩት ሁሉ ነገረች። ይሄ አስተዋይነት አይደለም? ‘ለወሬ የለው ፍሬ’ ያለው ሰው እሷን አያውቃትም። የእሷ ወሬ ጠዋት ተዘርቶ ለምሳ ይደርሳል።

እንግዶቼ መጡ። ሃይሚዬ፣ በኀምሳው ነው የምልሽ! ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት! አንዷ ትሪውን ሳቀርብላት ‘ጾም ላይ ነኝ’ አለችኝ። ምን ዓይነት ጾም ብዬ አልጠየቅኋትም፤ የግሏ ይሆናል። ሌላዋ ‘ጨጓራዬ’ አለች። ሌላዋ ‘ኬቶ ዳይት ጀምሬአለሁ’ ብላ ዶሮውን መለሰችው። ኬቶ እንጀራ እንጂ ዶሮ ይከለክላል እንዴ? … እኔም እንደሱ ነው የማውቀው። ውሃ ሳቀርብ ደግሞ ሁሉም መኪናው ውስጥ ውሃ እንዳለው ትዝ አለው። አንድ በአንድ እየወረዱ፣ በዚያ ፀሐይ የፈላ ውሃ ይዘው ተመለሱ። ያንን ‘አይ ጥሩ ነው’ እያሉ ይጠጣሉ። እኔ የበረዶውን ማሰሮ ይዤ እንደ ሐውልት ቆሜአለሁ።

ያኔም አልገባኝም። ሰው ጠግቦ መጥቷል ብዬ አዘንኩ እንጂ።

እማማ አየለችን ታውቂያቸው የለ? እዚያ ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡት። ጠላ ስቀዳላቸው ‘ፅዮን፣ ቅመሺና ስጪኝ ልጄ’ አሉኝ። በድሮ ጊዜ እኮ የሚቀዳ ሰው መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ቀምሶ ነው የሚያቀርበው፤ ክፋት የለበትም። ግን እማማ አየለች ስንት ቤት አብረን ሄደናል፣ አንድም ቀን ይህን ጠይቀው አያውቁም። ያን ቀን አጠገባቸው የተቀመጠች አንዲት እህት ጆሯቸው ላይ ጎንበስ ብላ ስትንሾካሾክ አይቻለሁ። ባህላችን በስደት እንዳይጠፋ የምታስብ ሰው መሆን አለባት። እግዜር ይስጣት።

የፍሪጁ ድምፅ ተሰማ።

የእኔን ነገር ደግሞ ተመልከቺ። እናቴ ያሳደገችኝ እንግዳ ሳይጠግብ የአስተናጋጅ አፍ አይነቃነቅም ብላ ነው። ስለዚህ ጠዋት ስሠራ ቀመስኩ እንጂ ሰው ከገባ በኋላ አንዲት ጉርሻ በአፌ አልዞረችም። ለካ ያ ሁሉ ዓይን አፌን ሲጠብቅ ነበር! ‘እስቲ አስተውሉ፣ ራሷ አልጎረሰችም’ ሲባል ሰማሁ። ይሉኝታዬ ምስክር ሆኖ ቆመብኝ። እንግዲህ ልቅመስ ብዬ ብርጭቆውን አነሳሁ። ያ ሁሉ ሰው እያየኝ ሃይሚ… ጠላው ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ። ተጣድፌ ጎንጨት አልኩና… ትን አለኝ።

ትን! ከዓመቱ ቀን ሁሉ መርጬ!

… ሳቂ ሳቂ፣ አትታፈኚ። እኔም አሁን አሁን እስቃለሁ። ስስል፣ ስስል፣ ዓይኔ ሲገለበጥ፣ አንዷ ‘በስመ አብ!’ ስትል፣ አንዱ ስልኩን አውጥቶ አምቡላንስ ሊጠራ ሲል… እሷ ናት ጀርባዬን የመታችልኝ። እውነቴን ነው፣ ያቺው እህታችን። ሌላ ማን ይደርስልኛል? እየመታችኝም ‘አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ሁሉን ያያል’ ትለኛለች።

እማማ አየለች ብቻ ጠጡ። ‘እኔ እንደሆነ ሰማንያ አልፌአለሁ፣ አምጪው’ ብለው።

ከዚያ ጸበል ጸዲቁ ደረሰ። ቀሲስ ዳቦውን ባርከው ቆርሰው አደሉ። እሱን እምቢ የሚል የለም። ሁሉም ቆሞ በሁለት እጁ ተቀበለ፣ ሳመ፣ ግንባሩን አስነካ፤ በሶፍት ጠቅልሎ ቦርሳው ከተተ። ‘ለልጆች’ አሉ። ያቺ እህታችንማ ሁለት ቁራሽ ለመነችኝ፤ ‘ለትልቁም ለትንሹም’ ብላ። እኔ ጅሏ ደስ አለኝ። ወጡን ቢተዉት በረከቱን ወሰዱልኝ ብዬ።

… ማማሰያው ቆመ እንዴ? ሃይሚ፣ ዞር ብለሽ እይልኝማ። የሚያር ነገር ይሸተኛል። … አይ እንግዲህ፣ ሙቀት ነው፤ በዚህ ሙቀት ፊቱ የማይቀላ የለም።

የት ደረስኩ? … አዎ፣ ከዚያ ወዲህ የእኔ ድርሻ ውሃ ሆነ። በልደት፣ በክርስትና፣ በለቅሶ፣ ፅዮን ውሃ። የታሸገ። ትናንትም ደወለችልኝ፦ ‘ፅዮንዬ፣ የኔ ቆንጆ፣ በሥራ ደክመሻል፣ ምግቡን ለእኛ ተይው። አንቺ ውሃ ብቻ። ካርቶኑን እንዳትከፍቺው እሺ?’ ርኅራኄዋ! ፕላስቲኩ እንኳ ሲቀደድ እጄን እንዳይጎዳኝ ብላ መሰለኝ። ‘እሺ’ አልኩ። እኔ መቼ እምቢ ብዬ አውቃለሁ? ግን ስልኩን ዘግቼ ዱቄት አቦካሁ። ዳቦውን ይዤ መጣሁ፤ አንቺም በላሽልኝ። ቆመሻልም። ትስቂያለሽም።

አንድ ነገር ግን ይገርመኛል። ስም አልጠራም፤ የደንበኛ ሚስጥር ነውና ይህን ደግሞ ሕጉም ይከለክለኛል፣ የሥራ ፈቃዴን ይነጥቁኛል። እንዲያው ለምሳሌ ያህል እንበል። ለምሳሌ አንዲት ሴት ብትኖር… ከዳቦዬ የሸሸው እጇ ሰኞ ሲሆን በሥራ ቦታዬ መስኮት ቢዘረጋ። ክኒኑን ከእኔ እጅ ተቀብላ፣ እዚያው መኪናዋ ውስጥ፣ መሪው ላይ ሆና ክዳኑን ከፍታ ብትውጠው። በየወሩ። እኔ በመስታወቱ እያየኋት። ‘ፅዮንዬ፣ ተባረኪ’ ብላኝ ብትሄድ። አንድ ቀን እንኳ ‘እስቲ ቅመሽልኝ’ ሳትለኝ! እጄ አንድ፣ ሰውዬዋ አንድ፤ ዳቦዬ ይገድላል፣ ክኒኔ ያድናል። ምን ዓይነት እምነት ነው ይሄ? ትልቅ እምነት ነው። ተራራ ያፈልሳል የተባለው ይሄኛው ሳይሆን አይቀርም።

ሃይሚ፣ ‘ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ’ ይባላል። መርዝስ በምንድን ነው የሚቀርበው? ድሮ በሰማያዊ ጠርሙስ ነበር፤ ሰው ያውቀው ነበር። አሁን ግን በ‘የኔ ቆንጆ’ ነው የሚቀዳው። ለስላሳ ነው፤ ዳስሰሽ አታገኚውም። ‘ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ’ም ይላሉ። የእኔ ስም በዚህ ማኅበር ነቅቷል፤ እኔም ዕቃ ልሁን ብዬ አልለምንም። ግን አንድ ሰው ከእጄ እንዲበላ ፈልጌ ነበር። አንድ ሰው። ያው፣ ዛሬ ተሳካልኝ።

… ቆይ፣ ስጦታውን ላውጣልሽ። በነጠላ ጠቅልዬዋለሁ። … እይ! አታምርም? ንኪያት፣ አትፍሪ። ጠርዟን በጣትሽ ዳብሺው። … ታውቂያለሽ አይደል አሁን፣ ዓይንሽን ብትጨፍኚም? ከሁሉ የምወዳት ይህች ናት፤ የመጀመሪያዋ፣ ከመስኮቱ ላይ ያገኘኋት። ክፉ ዕቃ ሰጠች እንዳልባል የምወዳትን መረጥኩ።

ውስጧ ያለው? … እሱን ነው ልነግርሽ የፈለግሁት። እስከዛሬ ከጎረቤቴ ከዘይቱና በቀር ማንም አያውቅም፤ እሷም ግማሹን ብቻ ነው።

ማኅበሩ በተበተነ በማግስቱ ጠዋት ቆሻሻ ልጥል ወረድኩ። የአፓርትመንታችን ገንዳ ፓርኪንጉ ጥግ ነው። ክዳኑን ስከፍተው ከላይ ከላይ የእኔ ሶፍቶች ናቸው፤ ጠርዛቸው ላይ ሐምራዊ አበባ ያለባቸው፣ ለማኅበሩ ብዬ መርጬ የገዛኋቸው። እንደተጠቀለሉ። አንዱ በአንዱ ላይ። ‘ለልጆች’ የተባለው ቁራሽ፣ የተሳመው፣ ግንባር የነካው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ባንድ ሶፍት ሁለት ቁራሽ… ለትልቁም ለትንሹም።

አላለቀስኩም። ኮንታክት ሌንሴን አድርጌ ነበር መሰለኝ።

በረከት ገንዳ ውስጥ አይተውም። እጄን ሰድጄ አንድ በአንድ ማውጣት ጀመርኩ። ዘይቱና፣ ከታች ፎቅ ያለችው የወሎ ልጅ፣ ከሥራ ስትገባ አየችኝ። ‘ምን ጠፋብሽ?’ አለችኝ። ‘ዳቦ ነው’ አልኳት፤ ሌላ ቃል አልወጣኝም። የማን ዳቦ፣ የምን ዳቦ ብላ አልጠየቀችም። ሂጃቧን ወደ ኋላ ወርወር አድርጋ፣ በእግር ጣቷ ቆማ፣ ያልደረስኩበትን አወጣችልኝ። ‘እህል እንዴት ይጣላል’ ብላ ብቻ ገባች። የማኅበራችን አባል ብትሆን ኖሮ እንዴት ያለች የማድ ቤት ኃላፊ ይወጣት ነበር!… አይ፣ ያለችን ትበቃናለች።

ከዚያ ዳቦውን ቤት አስገብቼ ሶፍቱን ፈታሁት። ኦቨን ውስጥ አደረቅሁት፤ በሙቀጫ ወቀጥኩት፤ እየወቀጥኩ ቀመስኩት። ከእያንዳንዱ ቁራሽ፣ አንድም ሳይቀረኝ። ቅመሺ ስባል ያልሆነልኝን ያን ጠዋት ብቻዬን ሆኜ ቀመስኩላቸው። ትንም አላለኝ። ቀጥዬ ወንበሩን ክሎዜቱ ሥር አቆምኩና ይህችን ሰማያዊዋን አወረድኳት። አፍልቼ አጠብኳት፤ የተባረከውን ዱቄት ሞላሁባት፤ በቡሽ ዘጋኋት፤ በሰም አሸግኋት። የታሸገ ነገር አይደል ከእጄ የሚወደደው?

እንግዲህ ከምሳ በኋላ ስታቀርቢላት፣ እኔ በሰው ፊት አፌ ስለሚተሳሰር፣ ምርቃቴንም አንቺ አድርሽልኝ። ‘ከእህትሽ ከፅዮን’ በይ። ‘ያን ቀን ተጣድፈሽ፣ በመንገድ ላይ ከቦርሳሽ ወድቆብሽ ይሆናል፤ የአንቺንም የልጆችሽንም ድርሻ አንስታ አቆይታልሻለች’ በይ። ‘ለማኅበሩ ስትቆሚ ኖረሻል፤ ኪዳነ ምሕረት ረጅም ዕድሜ፣ ሙሉ ጤና ትስጥሽ። መድኃኒትሽ ይስማማሽ። ማዕድሽ ሁልጊዜ እንግዳ አይጣ፤ እንግዳሽም ሳይቀመስለት የሚበላ ይሁን። ይህች ጠርሙስ ላይዋ መርዝ ተብሎ ውስጧ በረከት ነው፤ አንቺን እንደሷ ያድርግሽ አንልም፣ አንቺ ላይሽ ያማረ ነው። ይልቅ እመቤታችን የልብሽን አይታ፣ ምንም ሳታስቀር፣ ውስጥሽ ያለውን ሁሉ ላይሽ ላይ ታውጣልሽ።’

አሜን በይ፣ ሃይሚዬ። … ከምድጃው ጋም አሜን በሉ እንጂ።